አያቴ የዘመቱበትን ኮሪያ ለማየት ከየት ልጀምር?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አያቴ በሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ፣ ማለትም ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት በላከችው ሁለተኛ ጦር፣ ዘምተው ነበር። ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ይኖራል፤ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል። ሁልጊዜ ‹አባቴ የተዋጋበትን ተራራ ሳላይ እንዳልሞት› ይላል። አያቴ አጠገባቸው ስለወደቀ አንድ ጓደኛቸው ያወሩ ነበር። አባቴ ቡሳን ሄዶ በዚያ ሰው መቃብር ላይ አበባ ማስቀመጥ ይፈልጋል። በኦክቶበር መጨረሻ 10 ቀን ፈቃድ አለኝ። ሰው ሁሉ ከሴኡል ጀምሪ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያ ደርሳችሁ ከምትሰሙት አሁን ብታውቁት ይሻላል። አባትሽ የሚፈልጉት መቃብር ቡሳን የለም። አዲስ አበባ ነው።

በኮሪያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የተቀበሩት ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ነበር። በኋላ ግን አፅማቸው ወደ አገር ቤት ተመልሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ቁጥራቸው ከ120 በላይ ነው። አባትሽ በዚያ ግቢ ስንት ጊዜ አልፈው ይሆናል።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ይዤ ቡሳን ሄጄ ነበር። እናትየው ሰማንያ የተጠጉ ሴት ናቸው። ወንድማቸው ኮሪያ የወደቀው እሳቸው ሕፃን ሳሉ ነው። ነጭ አበባ ገዙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ በእንግሊዞቹና በቱርኮቹ መቃብር መካከል ድንጋይ ድንጋዩን እያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሩ። እኔ አፅሙ መመለሱን አውቃለሁ። እሳቸው ግን መቃብር ፍለጋ እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም፤ ቦታውን ለማየት ብቻ የመጡ መስሎኝ ነበር። እውነቱን የነገርኳቸው እዚያው ቆመን ነው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ነበራ!» አሉ። ቤታቸው አራት ኪሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዘማች ቤተሰብ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው። ጉዞው ከሥላሴ ይጀምር። አንቺም ከዋሽንግተን በቀጥታ ወደ ኮሪያ አትብረሪ። አዲስ አበባ ግቢ፤ ከአባትሽ ጋር ሥላሴ ሂዱ፤ አበባውን እዚያ አስቀምጡ። ከዚያ አብራችሁ ብረሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ የሴኡል አየር ማረፊያ ወዳለበት ኢንቾን ይበራል። አባትሽም ብቻቸውን አውሮፕላን ከመቀያየር ይድናሉ።

ከሴኡል ጀምሪ ከሚሉሽ ሰዎች ጋር አልስማማም። ሴኡል የሚጀምር ሰው ሦስት ቀን ቤተ መንግሥትና ገበያ ሲያይ ቆይቶ ወደ ጦርነቱ ታሪክ ደክሞት ይደርሳል። የእናንተ መንገድ የአያትሽ መንገድ ቢሆን ይሻላል። ቃኘው ሻለቃ በመርከብ ቡሳን ወደብ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ወጣ። እናንተም ቡሳን ጀምሩ፤ ቹንቾንን አልፋችሁ ቾርዎን ግንባሩ ድረስ ውጡ፤ ሴኡልን መጨረሻ አድርጉት።

ግን ከአውሮፕላኑ በፊት አሜሪካ ሆነሽ የምትሠሪው ሥራ አለ። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ባዶ እጁን ኮሪያ የሚሄድ የልጅ ልጅ ሐውልት ያያል። ወረቀት ይዞ የሚሄድ ግን አያቱ የቆሙበትን ኮረብታ ያያል።

አንደኛ ነገር፣ ዘመኑን አስተካክዪ። አያትሽ የተዉት ፎቶ ጀርባ ላይ «1945» ቢል የእኛ አቆጣጠር ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ በእንግሊዝኛ መዝገብ «1945» ብለው ይፈልጉና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ያገኛሉ። ጦርነቱ የጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ጁን 25፣ 1950። አንደኛው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ቡሳን ደረሰ። የእናንተው ሁለተኛው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ይመራ ነበር። በመጋቢት 1944 ገደማ አንደኛውን ተክቶ እስከ ሚያዝያ 1945 ገደማ ቆየ። ከዚያ ሦስተኛው በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሪነት ተካው። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ ጁላይ 27፣ 1953። ይህን በትንሽ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈሽ ፓስፖርትሽ ውስጥ አድርጊው።

ሁለተኛ ነገር፣ ስሙን። የአያትሽ ጓደኛ ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ማንም አያውቅም። «ቀ»ን አንዱ ጸሐፊ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። «ጸ» በቲ እና ኤስ ይጻፋል፤ በኤስ ብቻም ይጻፋል። «ገብረ» እና «ተክለ» አንዳንዴ ከተከታዩ ስም ጋር ይጣበቃሉ፣ አንዳንዴ ይለያሉ። የሚቻለውን አጻጻፍ ሁሉ ደርድረሽ ያዢ። አምስትም ስድስትም ይሁን። ማዕረጉን ካወቃችሁ ጨምሪበት።

ሦስተኛው ያንቺ ልዩ ዕድል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖሪያለሽ፤ ኮሌጅ ፓርክ ደግሞ ጎረቤትሽ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ትልቁ ሕንፃ እዚያ ነው ያለው። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። ስለዚህ ሻለቃው በየወሩ የት እንደነበረ የሚናገረው ሪፖርት በአሜሪካኖቹ ወረቀት ውስጥ አለ። ስትሄጂ «የኢትዮጵያ ሻለቃ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። የ7ኛውን ክፍለ ጦርና የ32ኛውን ሬጅመንት የ1952 ወርሃዊ ሪፖርት ጠይቂ። የአሜሪካ ጦር ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው የኢትዮጵያ ወታደሮች ፎቶዎችም እዚያው አሉ። ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው፤ የሥራ ቀን ፈቃድ ውሰጂ። ሠራተኞቹ ይረዱሻል። ስልክሽን ይዘሽ ገጾቹን ማንሳት ትችያለሽ።

ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም አንድ ማታ እዪው። እነዚያ በዝናብ ልብስ የሚራመዱት የብረት ወታደሮች ያሉበት ነው። በመንገዱ ጠርዝ ላይ የ22 አገሮች ስም ተቀርጿል። ኢትዮጵያም አለች። ፎቶ አንሺና ለአባትሽ ላኪላቸው፤ ጉዞው በዚያ ይጀመርላቸዋል።

አሁን አዲስ አበባ። ሥላሴ እንዳልኩሽ ነው። ከዚያ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሂዱ። የዘማቾቹን ማኅበር አግኙ። በሕይወት ያሉት አባቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ከዘጠና በላይ ናቸው። በሁለተኛው ቃኘው የነበረ አንድ ሰው ከተገኘ አሥር ሙዚየም ከሚነግራችሁ በላይ ይነግራችኋል። ኮሪያ ሰፈር የሚያውቋቸው ሰዎች ካሉም ጠይቁ። ደርግ ከመጣ በኋላ ኮሚኒስት የተዋጉ ተብለው ስለተገፉ ሜዳሊያና ፎቶ የደበቀ ቤተሰብ ብዙ ነው። የናንተም ሣጥን ውስጥ ያልተከፈተ ፖስታ ሊኖር ይችላል። አባትሽን ሳይሆን አክስቶችሽን ጠይቂ። በእኔ ልምድ ወረቀት የሚያስቀምጡት ሴቶች ልጆች ናቸው።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊትም አንድ ነገር አረጋግጪ። የኮሪያ መንግሥት የአርበኞችና የዘማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ዘማቾችንና ቤተሰቦቻቸውን ኮሪያ የሚያስጎበኝ ፕሮግራም አለው። ለዘማች ልጅና የልጅ ልጅ በሩ ክፍት መሆኑን በማኅበሩና አዲስ አበባ ባለው የኮሪያ ኤምባሲ ጠይቂ። ባይሳካም ለአባትሽ ቪዛ ስትጠይቁ የዘማች ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይጠቅማል። ቪዛውን ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የልደት ማስረጃ፣ የባንክ ወረቀት፣ ያንቺ የግብዣና የድጋፍ ደብዳቤ ይዘጋጅ። አንቺ የአሜሪካ ፓስፖርት ካለሽ ቪዛ አያስፈልግሽም፤ ግን የኢንተርኔቱን የመግቢያ ፈቃድ ሁኔታ በዚያው ሰሞን እዪ፤ ደንቡ ይቀያየራል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከቻልሽ ፈቃድሽን ወደ ኖቬምበር መጀመሪያ ግፊው፤ ጥቂት ቀንም ጨምሪበት። ሁለት ምክንያት አለኝ። ኖቬምበር 11 ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ ከጠዋቱ 11፡00 ሰዓት፣ ቡሳን ላይ ሳይረን ይነፋል። ለአንድ ደቂቃ ሰው ጸጥ ይላል። በሌሎች ዘማች አገሮች ያሉ ሰዎችም በዚያው ሰዓት ፊታቸውን ወደ ቡሳን ያዞራሉ። ይህን ያመነጩት ካናዳዊው የኮሪያ ዘማች ቪንሰንት ኮርትኔይ ናቸው፤ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ኮሪያ ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ስለዚህ ቡሳን ከጠዋቱ 11 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የአባትሽ የእጅ ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ኮሪያ ሲደርሱ መንካት አያስፈልጋቸውም። ቤት የቀሩት ዘመዶች ሌሊት ተነስተው በዚያችው ደቂቃ መጸለይ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። ሁለተኛው ቃኘው «የብረት ሦስት ማዕዘን» በሚባለው በቾርዎን ግንባር አካባቢ ከባዱን ውጊያ ያየው በ1952 እ.ኤ.አ. በልግ፣ በኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ያኔ ሄዳችሁ ብርዱን ብትቀምሱት ብዙ ነገር ይገባችኋል። የገና ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ ከዚያ በፊትም ትመለሳላችሁ።

ኢንቾን ስትደርሱ በዚያው ቀን ቡሳን እንሂድ አትበዪ። የአባትሽ እግር በአውሮፕላን ያብጣል። አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ። በማግስቱ ከሴኡል ጣቢያ ፈጣኑን ባቡር ያዙ። ቡሳን ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋው ለአንድ ሰው 60,000 ዎን ገደማ ነው። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ቁረጪ፤ በተለይ ዓርብና እሁድ ይሞላል።

መካነ መቃብሩ መግቢያው ነፃ ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ሁለተኛው መስመር ዴዮን ጣቢያ ወርዶ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ለአባትሽ ታክሲ ያዢ። ውስጡ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው። ከ2,300 በላይ ሰው እዚያ ተኝቷል። አብዛኞቹ እንግሊዞችና ቱርኮች ናቸው። በግቢው የሚያልፈው ትንሽ ቦይ ዶንት ይባላል። በ17 ዓመቱ በወደቀ የአውስትራሊያ ወታደር ስም ነው። እዚያ ከተቀበሩት ሁሉ ትንሹ እሱ ነው።

እናንተ ግን ወደ መታሰቢያው ግድግዳ ሂዱ። በ2006 እ.ኤ.አ. የተሠራ ክብ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር የወደቁና የጠፉ የ40,896 ሰዎች ስም ተቀርጾበታል፤ በየአገሩ። ኢትዮጵያ የምትለዋን ፈልጉ። ያቺ የስም ወረቀት የምታስፈልግሽ እዚህ ነው። ያን ቀን እናትየው የወንድማቸውን ስም ያገኙት ልጃቸው ባልገመተው አጻጻፍ ነበር። በአባቱ ስም ነው የለዩት። እጃቸውን ስሙ ላይ አድርገው ቆሙ። አበባውን ከሥሩ አስቀመጡ። አባትሽም ሁለት አበባ ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ለሥላሴ፣ አንዱ ለዚህ።

ኖቬምበር 11 ቀን ጥበቃ ስለሚኖር በጠዋት ድረሱ። በዚያ ቀን ሕዝብ ስለሚበዛ ስሙን መፈለጊያችሁን ከአንድ ቀን በፊት አድርጉት። በማግስቱ ጸጥ ሲል አንድ ጊዜ ተመለሱ። ቡሳን ውስጥ ሌላ ብዙ አትጨምሩ። ወደቡ የሚታይበት ቦታ ካለ ግን አያምልጥሽ። አያትሽ እግራቸው የኮሪያን መሬት የረገጠው እዚያ ነው።

ከዚያ ቹንቾን። እዚህ ላይ ቢያንስ ሦስት ሌሊት አድርጉ። በባቡር ሴኡል ትመለሱና ከዮንግሳን ጣቢያ የቹንቾኑን ባቡር ትይዛላችሁ፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቹንቾን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ እህት ከተማ ናት። ጎንግጂቾን በሚባለው ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ስሙ «የኢትዮጵያ ጎዳና» ነው። አላጋነንኩም፤ የመንገድ ምልክቱ ላይ ተጽፏል።

እዚያ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት አለ። ግንቦት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ ራሳቸው ገልጠውታል። ከጎኑ በዚያው በ1968 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቡና ቤት አለ፤ «ኢትዮጵያ ቤት» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ንጉሡ ናቸው። ከ50 ዓመት በላይ የኢትዮጵያን ቡና ሲያፈላ ኖሯል። ከሐውልቱ ማዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሙዚየም አለ። ጣሪያው እንደ ሦስት ጎጆ ቤት ነው የተሠራው። ምድር ቤቱ የዘመቻውን ታሪክ ያሳያል፤ ፎቅ ላይ የአገር ቤት ዕቃ አለ። አባትሽ ፎቅ ላይ ቢሰለቹ አይግረምሽ፤ ምድር ቤቱ ላይ ግን ጊዜ ስጪያቸው። የአያትሽን ፎቶ ቅጂ ይዘሽ ሂጂና ለሠራተኞቹ አሳዪ። ዋናውን ሜዳሊያ ከአገር አታውጡ፤ ፎቶው ይበቃል።

«ቃኘው» የልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም መሆኑን አባትሽ ያውቁ ይሆናል። ካላወቁ እዚህ ንገሪያቸው። ወታደሮቹ ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ናቸው። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ሰው ተመላልሷል። አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም።

ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ሴኡል ያለው ትልቁ የጦርነት መታሰቢያም ሰኞ ዝግ ነው። የቾርዎን ግንባር ጉብኝት ደግሞ ማክሰኞ አይኖርም። ፕሮግራምሽን የምትሠሪው ከእነዚህ ሁለት ቀኖች ተነስተሽ ነው።

ከቹንቾን መኪና ከነሾፌሩ ተከራዪ። በሕዝብ አውቶቡስ የግንባሩን አካባቢ ማየት ለጤነኛም አድካሚ ነው። አንዱን ቀን ወደ ሁዋቾን ሂዱ። አንደኛው ቃኘው መጀመሪያ የተዋጋው በዚህ አካባቢ ተራሮች ላይ ነው። በሰላም ግድቡ አጠገብ ትልቅ የሰላም ደወል አለ፤ ከተለያዩ የጦርነት አገሮች በመጣ ቀለህ የተሠራ ነው። የሁዋቾን አውራጃ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ትምህርት ድጋፍ ይሰጣል፤ ደወሉን ለመምታት የሚከፈለው ትንሽ ገንዘብም ለዚህ ይውላል። አባትሽ ይምቱት።

ሌላው ቀን ለቾርዎን ነው። የምትፈልጉት ይሄን ነው። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ማወቅ አለባችሁ። ሁለተኛው ቃኘው የተዋጋበት የሦስት ማዕዘን ኮረብታ ዛሬ አይረገጥም። ከድንበሩ ወዲያ ነው ያለው። ሦስተኛው ቃኘው በ1953 እ.ኤ.አ. የጠበቃቸው ዮክና አንክል የተባሉት ምሽጎችም ያሉበት አካባቢ ከወታደር በቀር ሰው አይገባበትም። ማየት የሚቻለው ከሩቅ ነው። በቾርዎን ምሥራቅ ሱንግኒ የሚባል መመልከቻ አለ። ከዚያ ላይ ኦሶንግሳን ተራራ ይታያል። የሦስት ማዕዘን ኮረብታ ከእሱ በስተደቡብ፣ ከግርጌው ነው። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ያለ እሱ ኬላ አታልፉም። ፎቶ አታንሱ የተባለበት ቦታ ላይ አታንሱ። ወታደሮቹ በድንገት ሊዘጉት ስለሚችሉ ሌላ አንድ ቀን በትርፍ ያዢ። ከኮሌጅ ፓርክ ያመጣሽውን ሪፖርትና ካርታ እዚያ ላይ አውጪው። ሻለቃው በየትኛው ሸንተረር ላይ እንደነበረ ለአባትሽ በጣትሽ ልታሳዪያቸው ትችያለሽ። ደረጃ ስላለ ቀስ በሉ፤ ከፍታው ላይ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት፣ ለእግር ሞቅ ያለ ካልሲ። አያቶቻችን በዚያ ብርድ ምሽግ ውስጥ ነው ያደሩት።

በዚያው በቾርዎን የድሮው የሰሜን ኮሪያ ሠራተኞች ፓርቲ ሕንፃ ፍርስራሽ አለ። በጥይት የተበሳ ግድግዳው እንዳለ ቆሟል። አሥር ደቂቃ ይበቃችኋል።

አንድ ቀን ላይ ሁለት ከባድ ቦታ አትደርቡ። ጠዋት ግንባር፣ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት። አባትሽ ዝም ካሉ ዝም በይ። ቪዲዮ ልቅረጽ ብለሽ አታጣድፊያቸው። ማታ ሻይ ላይ ራሳቸው ይጀምራሉ፤ ያኔ ስልክሽን ክፈቺና ድምፃቸውን ቅጂ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀኖች ሴኡል። ዮንግሳን ያለው የጦርነት መታሰቢያ ከሳምጋክጂ ጣቢያ አጠገብ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የተከፈተ በጣም ትልቅ ሙዚየም ነው፤ መግቢያው ነፃ። ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። መጀመሪያ ከፊት ለፊት ባሉት መተላለፊያዎች የወደቁት ስም በየአገሩ የተጻፈበትን ፈልጉ። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ክፍል። ሙዚየሙ ጦርነቱን የሚተርከው በደቡብ ኮሪያ ዓይን ነው፤ ያን እያወቅሽ እዪው። ያለቀው ወታደር ብቻ አይደለም፤ የሲቪሉ ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። ውጭ ላይ «ወንድማማቾቹ» የሚባል ሐውልት አለ። አንዱ የደቡብ መኮንን ነው፣ አንዱ የሰሜን ወታደር። ጦር ሜዳ ላይ ተገናኝተው ተቃቅፈዋል። የእኛ አገር ሰው እዚያ ፊት ቆሞ ዝም ብሎ አያልፍም።

ስለ ዕለት ተዕለቱ ነገር ባጭሩ። ጎግል ካርታ ኮሪያ ላይ የእግር መንገድ በደንብ አይመራም፤ ናቨር የሚባለውን ካርታ ጫኚ። ለትርጉም ፓፓጎ ጥሩ ነው። ቲመኒ የምትባለው ካርድ ለምድር ውስጥ ባቡርም ለከተማ አውቶቡስም ለታክሲም ትሠራለች። የአባትሽ ቻርጀር ኮሪያ ላይ ይሰካል፤ ያንቺ የአሜሪካ ሶኬት ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። አባትሽ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ ቢቢምባፕ ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ይዘዙ። ኪምቺ ጎመን ብቻ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ይገባበታል። ያን የማይበሉ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ቹንቾን ውስጥ ደግሞ ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲጨብጧችሁ አባትሽ ይገባቸዋል።

ኮሌጅ ፓርክ ስትሄጂ ከሁሉ በላይ የአያትሽን ሻምበል ለማወቅ ሞክሪ፤ አንደኛ ይሁን፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይስ አራተኛ። ሪፖርቶቹ ሻምበሎቹን ለየብቻ የሚጠቅሱበት ጊዜ አለ። ቁጥሩን ካገኘሽ ጻፊልኝ። ከሱንግኒ መመልከቻ ላይ ወደ የት አቅጣጫ ማየት እንዳለባችሁ ካርታው ላይ አብረን እንፈልገዋለን።